ሁለት ነገሮች ሲጋጩ፦ የድርጊትና የአጸፋ ኃይሎችን ደረጃ በደረጃ ለመተንተን

ከባድ የጭነት መኪናና ሚኒባስ ፊት ለፊት ቢጋጩ የበለጠ ኃይል የሚያርፈው በየትኛው ላይ ነው? ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና ይህን ጥያቄ ያላነሣሁበት ዓመት የለም፤ መልሱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «በሚኒባሱ ላይ ነዋ!» የሚል ነው። እንዲህ የሚመልሱት ተማሪዎች የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ የማያውቁ አይደሉም። «ለእያንዳንዱ ድርጊት መጠኑ እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይስቱ ያነበንቡታል። ሕጉን ከመኪናዎቹ ጋር ሲያገናኙት ግን ዓይናቸው ያየው ጉዳት ያሸንፋቸዋል፤ የተጨማደደው ሚኒባሱ ስለሆነ አብልጦ የተገፋውም እሱ መሆን አለበት ብለው ይደመድማሉ።

ትክክለኛው መልስ በሁለቱም ላይ የሚያርፈው ኃይል እኩል ነው የሚለው ነው። «በግምት ይቀራረባል» ማለት አይደለም፤ መኪናዎቹ በተነካኩባት በእያንዳንዷ ቅጽበት አንዱ ሌላውን የሚገፋበት ኃይል ሌላው እሱን ከሚገፋበት ኃይል ጋር በትክክል እኩል ነው። ጉዳቱ ለምን እንደሚለያይ ራሱን የቻለ መልስ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት የቻለ ሰው የትኛውንም ግጭት መተንተን ይችላል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሂሳብ አይጠይቅም፤ ለሙከራውም ጥቂት ብዮች፣ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣ የብረት ፍሬ፣ ክርና ማስመሪያ ይበቃሉ።

በቅድሚያ «አጸፋ» ስለሚለው ቃል

ችግሩ በከፊል የሚመነጨው ከቃሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «አጸፋውን መለሰ» ስንል አንዱ አስቀድሞ ይሰድባል ወይም ይመታል፣ ሌላው ቆይቶና አስቦበት ይመልሳል። በዚህ ስሜት አጸፋ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ፈቃድ ያለበት፣ እንደ መላሹ ጉልበት የሚበረታ ወይም የሚደክም ነገር ነው። በፊዚክስ ግን ከእነዚህ ሦስት ባሕርያት አንዱም የለም። ድርጊቱና አጸፋው በአንድ ቅጽበት ይጀምራሉ፣ በአንድ ቅጽበት ያበቃሉ፣ በመካከሉም መጠናቸው አብሮ ይጨምራል፣ አብሮም ይቀንሳል። የትኛው «ድርጊት»፣ የትኛው «አጸፋ» እንደሚባል መምረጥ ለእኛ የተተወ ነው፤ ስማቸውን ብናለዋውጥ ከሂሳቡ አንዳች ነገር አይለወጥም። ቆሞ የነበረው መኪና የተገጨው «ተበዳይ» ቢሆንም፣ በራሱ ላይ ያረፈውን ያህል ኃይል በገጪው ላይ ያሳርፋል።

ኒውተን ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትም የሰጣቸው ምሳሌዎች ከግጭት ይልቅ ረጋ ያሉ ነበሩ። ድንጋይን በጣቱ የሚጫን ሰው ጣቱ በድንጋዩ እኩል ይጫናል፤ በገመድ የታሰረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስም እኩል ወደ ድንጋዩ ይጎተታል ይላል። ድንጋይ ፈቃድ የለውም፣ አይቆጣም፣ አይዘገይም። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምመክረው «አጸፋ» የሚለውን ቃል ባነበቡ ቁጥር በልባቸው «የዚያው ግፊት ሌላኛው ጫፍ» ብለው እንዲተረጉሙት ነው።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱን ኃይል በሁለት ስም መጥራት

«የመኪናው ኃይል» የሚል አነጋገር ከትንተናው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። መኪና በውስጡ ይዞት የሚሄድ ኃይል የለውም፤ ይዞ የሚሄደው ሞመንተምን ነው፣ እሱን ቆየት ብለን እናየዋለን። ኃይል በሁለት አካላት መካከል ብቻ የሚኖር መግፋት ወይም መሳብ ስለሆነ ሁልጊዜ ገፊውም ተገፊውም መጠራት አለባቸው፦ «የጭነት መኪናው በሚኒባሱ ላይ ያሳረፈው ኃይል» መባል አለበት።

ጥንዱን ለማግኘት የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ጥሩ መሣሪያ ይሰጠናል። ኃይሉን ባለቤትና ተሳቢ ባለው አጭር ዐረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ከዚያ የተሳቢ ምልክት የሆነችውን «ን» ከአንዱ ስም አንሥተው ለሌላው ይስጡ። ግሡ እንዳለ ይቆይ፤ አቅጣጫው ብቻ ይገልበጥ። «የጭነት መኪናው ሚኒባሱን ወደ ምሥራቅ ገፋው» የሚለው «ሚኒባሱ የጭነት መኪናውን ወደ ምዕራብ ገፋው» ይሆናል። ግሡ ከተለወጠ ወይም ሦስተኛ አካል ከገባ፣ ያገኙት የድርጊትና የአጸፋ ጥንድ አይደለም።

ይህች ፈተና በጣም የተለመደውን ስሕተት ታጋልጣለች። በረከቦት ላይ የተቀመጠ ጀበናን እናስብ። መሬት ጀበናውን ወደ ታች ትስበዋለች፤ ረከቦቱ ጀበናውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ኃይሎች እኩልና ተቃራኒ በመሆናቸው ብዙ ተማሪ፣ አንዳንዴም መምህር፣ ድርጊትና አጸፋ ናቸው ብሎ ይጽፋል። በ«ን» ብንፈትናቸው ግን «መሬት ጀበናውን ወደ ታች ትስበዋለች» የሚለው ጥንድ «ጀበናው መሬትን ወደ ላይ ይስባታል» ነው፤ «ረከቦቱ ጀበናውን ይገፋዋል» የሚለው ጥንድ ደግሞ «ጀበናው ረከቦቱን ይገፋዋል» ነው። ረከቦቱን በድንገት ብንስብበት የረከቦቱ ግፊት ወዲያው ይጠፋል፤ የመሬት ስበት ግን ይቀጥላል፣ ጀበናውም ይወድቃል። እውነተኛ ጥንዶች አብረው ተወልደው አብረው የሚሞቱ ስለሆኑ፣ አንዱ ቀርቶ ሌላው ሊቀጥል ከቻለ ጥንድ አልነበሩም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን አካላት ለየብቻ መሣል

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሥዕል ይሣሉ፤ በአንዱ የጭነት መኪናው ብቻ፣ በሌላው ሚኒባሱ ብቻ ይኑር። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ የሚቀመጡት በዚያ አካል ላይ ያረፉ ኃይሎች ብቻ ናቸው። ይህን ሥራ ጊዜ ማባከን አድርገው የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን «ኃይሎቹ እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ለምን አይጣፉም? እንዴትስ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኖራል?» የሚለው ዘመን ያስቆጠረ ጥያቄ የሚፈታው እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ኃይሎች የሚጣፉት በአንድ አካል ላይ ሲያርፉ ነው። የድርጊትና የአጸፋ ጥንድ ግን ምንጊዜም በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ስለሚያርፍ በአንድ ሥዕል ላይ አብሮ ሊገኝ አይችልም። ከእርስዎ የባንክ ሂሳብ 500 ብር ወጥቶ በወንድምዎ ሂሳብ ውስጥ ቢገባ፣ የወጣውና የገባው እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ «ምንም አልተደረገም» የሚል ሰው የለም፤ ሁለቱም ሂሳቦች ተለውጠዋል።

መንገዱ በጎማዎቹ ላይ የሚያሳርፈው ሰበቃና የአየር ግፊቱም በሥዕሉ ላይ መግባት ይገባቸዋል። ሆኖም ከባድ ግጭት ከሰከንድ ክፍልፋይ ስለማይበልጥና የግጭቱ ኃይል ከእነዚህ እጅግ ስለሚልቅ፣ ለዚያች አጭር ጊዜ ችላ ብንላቸው የውጤቱ ስሕተት ትንሽ ነው።

ደረጃ 3፦ በክርና በብይ መፈተን

ሕጉን በወረቀት ላይ ከማመን በፊት በዓይን ማየት ይበልጣል። ብይን በወለል ላይ አንከባልሎ ማላተም ለዚህ ሥራ እንደማይመች ግን አስቀድሜ ልናገር። የሚንከባለል ብይ ወደ ፊት ከመሄዱ በተጨማሪ በራሱ ላይ ይሽከረከራል፤ አቻውን ሲመታ ወደ ፊት መሄዱን ለተመታው አስረክቦ ቢቆምም መሽከርከሩ ስለሚቀርለት፣ ለቅጽበት ቆም ብሎ እንደገና ወደ ፊት መሄድ ይጀምራል። በልጅነቴ ብይ ስጫወት ይህን ስንት ጊዜ አይቼ ምክንያቱን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዮቹን እናንጠለጥላቸዋለን።

ሁለት ጠረጴዛዎችን አራርቀው ያቁሙና ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶችን፣ ለምሳሌ የመጥረጊያ እንጨቶችን፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ያጋድሙ። የአንድ ክር መካከሉን በትንሽ ሱፐር ግሉ ከብዩ አናት ጋር አጣብቀው፣ አንዱን ጫፍ ከአንዱ እንጨት፣ ሌላውን ጫፍ ከሌላው እንጨት ጋር ይሰሩ። ብዩ በሁለት ክር ስለተያዘ ወደ ጎን ሳይወላውል በአንድ መስመር ላይ ብቻ ይወዛወዛል። ከእንጨቶቹ እስከ ብዩ ያለው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ሁለተኛውን ብይ በዚያው አኳኋን ይስቀሉት፤ ሁለቱ ሲረጋጉ መካከላቸው በአንድ ከፍታ ላይ ሆኖ እርስ በርስ በስሱ ብቻ መነካካት አለባቸው። ሙከራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከፍታቸው ባለመስተካከሉ ነው፤ አንዱ ዝቅ ካለ ተመቺው ወደ ላይ ይዘላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከሥራቸው ማስመሪያ ያኑሩና ስልክዎን በዝግታ በሚቀርጽበት አሠራሩ ከፊት ለፊት ያቁሙት።

ይህ አሠራር ፍጥነትን ያለ ሰዓት ለመለካት ያስችላል። የተንጠለጠለ ነገር በትንሹ ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ፣ ከታች ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ከተሳበበት ርቀት ጋር እኩል ያድጋል፦ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል። በ60 ሳንቲ ሜትር ክር 10 ሳንቲ ሜትር የተሳበ ብይ ከታች ሲደርስ በሰከንድ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከግጭቱ በኋላም ወደ ላይ የሄደበት ርቀት ግጭቱን ተከትሎ የነበረውን ፍጥነት ይነግረናል። ስለዚህ በማስመሪያው ላይ የምናነበው ሳንቲ ሜትር እንደ ፍጥነት መለኪያ ያገለግለናል።

በመጀመሪያ ሁለት እኩል የመስታወት ብዮችን ያላትሙ። አንዱን 10 ሳንቲ ሜትር ስበው ይልቀቁት። የመጣው ብይ ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ ቆሞ የነበረው ደግሞ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ይሄዳል። አንዱ ያጣውን ሌላው አገኘው፤ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ እኩል ኃይል እኩል ለውጥ አመጣ።

ቀጥለው አንዱን አውርደው በምትኩ ተመሳሳይ ስፋት ያለውን የብረት ፍሬ ይስቀሉ። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ብይ ከ5 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ያንኑ የሚያክል የብረት ፍሬ ግን ወደ 17 ግራም ይደርሳል፣ በግምት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ብረቱን 8 ሳንቲ ሜትር ስበው በቆመው ብይ ላይ ይልቀቁት። ብዩ ተፈናጥሮ ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሄድ ብረቱ አይቆምም፣ ፍጥነቱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል። ላዩን ያየ ሰው «ትልቁ ትንሹን አባረረው» ይላል። እስቲ እናስላው። ብረቱ ከ8 ወደ 4.2 ቢወርድ ለውጡ 3.8 ነው፤ በሦስት ሲባዛ 11.4 ይሆናል። ብዩ ከዜሮ ተነሥቶ 11.4 ደረሰ፤ በአንድ ሲባዛ ያው 11.4 ነው። የፍጥነቱ ለውጥ ሦስት እጥፍ ቢለያይም፣ የመጠነ ቁስ (በግራም ወይም በኪሎ ግራም የሚለካው የነገሩ ቁስ ብዛት) እና የፍጥነት ለውጥ ብዜት እኩል ወጣ። የእርስዎ ቁጥሮች ከእነዚህ ጥቂት ሊለዩ ይችላሉ፤ ሁለቱ ብዜቶች ግን መቀራረብ አለባቸው።

በሦስተኛው ዙር በብዩና በብረቱ መካከል የሩዝ ፍሬ የምታክል የታኘከች ማስቲካ ለጥፈው ሙከራውን ይድገሙ። አሁን ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ላይ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይሄዳሉ። ብረቱ ከ8 ወደ 6 ወረደ፣ ለውጡ 2 ነው፣ በሦስት ሲባዛ 6፤ ብዩ ከዜሮ ወደ 6 ወጣ። ዳግመኛ እኩል ናቸው። ይህ ዙር ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው፤ ግጭቱ የሚያፈናጥርም ይሁን የሚያጣብቅ ሦስተኛው ሕግ እንደማይዛነፍ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ነው።

ኒውተንም ያደረገው ይህንኑ ነበር። 10 ጫማ፣ ማለትም ወደ 3 ሜትር በሚረዝም ገመድ ኳሶችን እያንጠለጠለና አየሩ የሚቀንሰውን ፍጥነት እያሰላ ከተለያየ ነገር የተሠሩ ኳሶችን አላትሟል። የመስታወት ኳሶች የሚራራቁበት ፍጥነት ይቀራረቡበት ከነበረው ፍጥነት 15/16 ያህል፣ በጥብቅ የተጠቀለሉ የሱፍ ኳሶች ደግሞ 5/9 ያህል ሆኖ አገኘው። የመንጠሩ መጠን እንደ ቁሱ ዓይነት ተለያየ፤ የድርጊትና የአጸፋ እኩልነት ግን አልተለያየም።

ደረጃ 4፦ ከኃይል ወደ ሞመንተም መሻገር

ሙከራው ላይ ያባዛናቸው ቁጥሮች ስም አላቸው። መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ሞመንተም ይባላል፤ አቅጣጫ ያለው ብዛት ስለሆነ ወደ አንድ ወገን የሚሄደውን በመደመር፣ ወደ ሌላው የሚሄደውን በመቀነስ ምልክት እንጽፈዋለን። ከኃይል ጋር የሚያገናኘው ነገር ጊዜ ነው፦ ኃይል በቆየበት ጊዜ ሲባዛ የሞመንተም ለውጥ ይሰጣል። በግጭት ጊዜ ሁለቱ ኃይሎች እኩል መሆናቸውን ሦስተኛው ሕግ ነገረን። የቆዩበት ጊዜም እኩል ነው፤ ሀ ለ'ን ነክቶት ሳለ ለ ሀ'ን ሳይነካው ሊቀር አይችልምና። እኩል ኃይል በእኩል ጊዜ ሲባዛ እኩል የሞመንተም ለውጥ ይወጣል፣ አቅጣጫው ብቻ ተቃራኒ ነው። የሞመንተም ድምር ከግጭት በፊትና በኋላ አይለወጥም የሚለው ሕግ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንመለስ። የጭነት መኪናው ከነጭነቱ 18,000 ኪሎ ግራም፣ ሚኒባሱ 2,000 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ሁለቱም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 15 ሜትር ፊት ለፊት ይምጡ፣ ተጣብቀውም ይቅሩ እንበል። የጭነት መኪናውን አቅጣጫ መደመር እናድርገው። የጭነት መኪናው ሞመንተም 18,000 ሲባዛ በ15፣ ማለትም 270,000 ነው፤ የሚኒባሱ 30,000 ሲሆን ምልክቱ መቀነስ ነው። ድምሩ 240,000 ይሆናል። ከግጭቱ በኋላ 20,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ አካል ስለሆኑ 240,000ን ለ20,000 ስናካፍል የጋራ ፍጥነታቸው በሰከንድ 12 ሜትር፣ አቅጣጫውም የጭነት መኪናው ይሄድበት የነበረው ነው።

እያንዳንዱ የደረሰበትን ለውጥ እንይ። የጭነት መኪናው ከ15 ወደ 12 ወረደ፣ የፍጥነቱ ለውጥ 3 ነው፤ በ18,000 ሲባዛ 54,000 ይሆናል። ሚኒባሱ ግን በመቀነስ 15 ሲመጣ የነበረው በመደመር 12 መሄድ ጀመረ፤ ለውጡ 27 ነው፣ በ2,000 ሲባዛ ያው 54,000። ግጭቱ 0.15 ሰከንድ ከቆየ፣ በእያንዳንዱ ላይ ያረፈው አማካይ ኃይል 54,000 ለ0.15 ሲካፈል፣ 360,000 ኒውተን ነው፤ ኒውተን እዚህ ላይ የኃይል መለኪያ ስም ነው። አንድ ኪሎ ስኳር የሚመዝነው 9.8 ኒውተን ያህል ስለሆነ ይህ ከ36 ቶን በላይ ክብደት የሚያክል ግፊት ነው፤ እሱም በሁለቱም ላይ እኩል አርፏል።

የጉዳቱ ልዩነት ከየት መጣ የሚለውን ለማየት በውስጥ ወደተቀመጡት ሰዎች መግባት ያስፈልጋል። በወንበሩ ላይ በቀበቶ የታሰረና 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከተሽከርካሪው ጋር አብሮ ፍጥነቱን ይለውጣል። በጭነት መኪናው ውስጥ ከሆነ ለውጡ 3 ስለሆነ 60 ሲባዛ በ3 ለ0.15 ሲካፈል 1,200 ኒውተን ያርፍበታል፣ 122 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር እንደተጫነው ማለት ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ከሆነ ግን ለውጡ 27 ስለሆነ 10,800 ኒውተን፣ ማለትም ከአንድ ቶን የሚበልጥ ክብደት ይጫነዋል። በሁለቱ ተሽከርካሪዎች መካከል ያለው ኃይል እኩል ነው፤ በሁለቱ መንገደኞች ላይ ያረፈው ግን ዘጠኝ እጥፍ ይለያያል፤ የሁለቱ ተሽከርካሪዎች መጠነ ቁስም የሚለያየው በዚሁ በዘጠኝ እጥፍ ነው። መንገደኛው ከወንበሩና ከቀበቶው ጋር የራሱ ሌላ የድርጊትና የአጸፋ ጥንድ እንዳለው ልብ ይሏል፦ ቀበቶው ሰውዬውን ይገፋዋል፣ ሰውዬው ቀበቶውን ይገፋዋል።

ይህንኑ ስሌት 10 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሕፃን ላይ እንሥራው። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ እናቱ ታቅፋው ከሆነ፣ ሕፃኑን ለመያዝ 10 ሲባዛ በ27 ለ0.15 ሲካፈል፣ 1,800 ኒውተን ያስፈልጋታል። ይህ 184 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ነገር በክንድ ብቻ እንደ መያዝ ነው። የእናት ፍቅር እዚህ ላይ አያጥርም፤ የሚያጥረው የክንድ አቅም ነው። ይህን ስሌት ለወላጆች ጭምር የማሳየው ለዚህ ነው፤ ሕፃን በመኪና ውስጥ የራሱ የታሰረ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 5፦ የግጭቱን ጊዜ መመርመር

የሞመንተም ለውጡ አንዴ ከታወቀ ኃይሉን የሚወስነው ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች ነጠላ በአራት ማዕዘኑ ይዘው ትንሽ ረገብ ያድርጉት፤ እርስዎ ጥሬ እንቁላል በሙሉ ክንድዎ ይወርውሩበት። እንቁላሉ አይሰበርም። የመጀመሪያውን ጊዜ ያደረግሁት ከቤት ውጭ፣ አሮጌ ነጠላ ይዤና የልብሴን መበላሸት ተቀብዬ ነበር፤ እንቁላሉ ግን ጨርቁን ጎድጎድ አድርጎ ከሥሩ ሲያርፍ አንዲት ስንጥቅ እንኳ አልነበረችበትም። 55 ግራም የሚመዝን እንቁላል በሰከንድ 10 ሜትር ቢመጣ ሞመንተሙ 0.55 ነው። ግድግዳ መትቶ በ0.005 ሰከንድ ቢቆም አማካይ ኃይሉ 110 ኒውተን ይሆናል፤ በጨርቅ ላይ በ0.1 ሰከንድ ቢቆም ግን 5.5 ኒውተን ብቻ ነው። አጸፋውም አብሮ ወረደ፤ ጨርቁን የያዙት ሰዎች እጃቸው ላይ የሚሰማቸው ለዚህ ነው ጥቂት መነቅነቅ ብቻ የሆነው።

በረኛ ኳስ ሲይዝ እጁን ወደ ደረቱ የሚስበው፣ ከግንብ የዘለለ ሰው ጉልበቱን የሚያጥፈው፣ የመኪና የፊት አካል ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የስዊድኑ መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው በሦስት ነጥብ የሚታሰር የደኅንነት ቀበቶም ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሰውነት ከመኪናው ጋር አብሮ እየቀነሰ እንዲቆም ጊዜ ይሰጠዋል፣ ኃይሉንም በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ ያሰራጨዋል። ያልታሰረ ሰው መኪናው እየቆመ ሳለ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥልና መሪውን ወይም መስታወቱን ሲመታ በ0.01 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል ብንል፣ ጊዜው ከ0.15 ወደ 0.01 ስለወረደ ለዚያው የፍጥነት ለውጥ ኃይሉ 15 እጥፍ ያድጋል። የመሪው አጸፋ ርኅራኄ የለውም፤ ደረቱ የገፋውን ያህል ደረቱን ይገፋዋል።

ደረጃ 6፦ ይነጥራል ወይስ ይጣበቃል?

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሌላው ነገር የሚነጥር ነገር ከሚጣበቀው ያነሰ ይገፋል የሚለው ግምት ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተወረወረ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግድግዳው ማድረግ ያለበት ማቆም ብቻ ነው። ኳስ ሲነጥር ግን ግድግዳው መጀመሪያ ያቆመዋል፣ ከዚያ ወደመጣበት መልሶ ይገፋዋል። 0.45 ኪሎ ግራም የሚመዝን የእግር ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር መጥቶ በ8 ሜትር ቢመለስ፣ የፍጥነቱ ለውጥ 2 ሳይሆን 18 ነው፤ አቅጣጫው ስለተገለበጠ 10 እና 8 ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም። የሞመንተሙ ለውጥ 8.1 ሲሆን፣ በ0.01 ሰከንድ ሲካፈል 810 ኒውተን ይሆናል። ኳሱ ሳይነጥር ቢቆም ኖሮ 450 ኒውተን ብቻ ይበቃ ነበር። የመቀነስ ምልክትን መርሳት በፈተና ላይ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ የሚያሳጣው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር ከመጻፍዎ በፊት ቀስት ሥለው «መደመር ወዲህ ነው» ብለው ይወስኑ።

ደረጃ 7፦ የጠፋ የመሰለውን ሞመንተም መፈለግ

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኳሱ በመደመር 4.5 ሞመንተም መጥቶ በመቀነስ 3.6 ተመለሰ፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ድምሩ አይለወጥም ካልን 8.1 የት ገባ? እዚህ ላይ ወደ ደረጃ 1 ተመልሶ «ን»ን ማለዋወጥ ያስፈልጋል። ግድግዳው ኳሱን በ810 ኒውተን ገፋው፤ ኳሱም ግድግዳውን በ810 ኒውተን ገፋው። ግድግዳው ብቻውን ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነገር ግን መሠረቱ በመሬት ውስጥ ስለተተከለ ግፊቱን ለመሬት ያስተላልፋል። ስለዚህ ተጋጪዎቹ ኳሱና መሬት ናቸው። የመሬት መጠነ ቁስ 5.97 ሲባዛ በ10 ላይ 24 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም ከ6 ቀጥሎ 24 ዜሮ ያለው ቁጥር ይጠጋል። 8.1ን ለዚህ ስናካፍል መሬት ያገኘችው ፍጥነት በሰከንድ 1.4 ሜትር ለ1 ባለ 24 ዜሮ ቁጥር ተካፍሎ የሚወጣው ይሆናል። አንድ አተም የሚያህል ርቀት በዚህ ፍጥነት ለመጓዝ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። በተግባር ግን ይህችም አትቆይም፤ ልጁ ኳሱን ሲመታ እግሩ በመሬት ላይ ተደግፎ መሬትን ወደ ኋላ ገፍቷት ነበር፣ ከግድግዳው የተመለሰው ኳስም ከሣሩ ጋር ተፋትጎ ሲቆም የቀረውን ሞመንተም ለመሬት ያስረክባል፤ በመጨረሻም የመሬት ሂሳብ ወደ ዜሮ ይመለሳል።